ከቶኪዮ ያመጣሁላት ስጦታ

መብራቱ የጠፋው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙሽራዋ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች። ፀጉር ሠሪዋ ካውያውን አግላ ሁለተኛውን ዘለላ እየጠቀለለች ነበር። እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ ከቶኪዮ ያመጣሁትን ስጦታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ እንደ ንብ እምም አለ፤ ከዚያ ጷ ብሎ ጮኸና ቤቱ ጨለመ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ደንግጬ እጄን ስሰበስብ የውሃ መያዣውን ነካሁት መሰለኝ፣ ወለሉ ላይ ወድቆ ሲሰባበር ሰማሁ። ለአንድ አፍታ ማንም አልተነፈሰም። የሰርግ ቀን ነው፤ ሙሽራው ገና አልደረሰም፤ መብራት ጠፍቷል፤ ዕቃ ተሰብሯል።

ያን ጨለማ እዚያ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ግን ውሃን ከተማ ካሳለፍኩት የመጀመሪያው የብርድ ወራት መጀመር አለብኝ።

ውሃን ያንግትዜ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍ ትልቅ ከተማ ናት። የማስተርስ ትምህርቴን የተማርኩት እዚያ ነው፤ የውሃ ምህንድስና። ቻይና ውስጥ የከተማ የቤት ማሞቂያ የተዘረጋው በአመዛኙ ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ነው፤ ውሃን ከዚያ መስመር በስተደቡብ ስለምትገኝ ብርዱ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ይብሳል። የደሴ ልጅ ነኝና ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። የውሃን ብርድ ግን እርጥብ ነው፤ ጋቢ አይመልሰውም። ታኅሣሥ ላይ ከአጠገቤ የምትቀመጥ የክፍል ጓደኛዬ አገሯ ደርሳ ስትመለስ እናቷ የሰፉትን ወፍራም የጥጥ ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች። አልጋዬ ላይ አነጠፈችልኝ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ናት። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «መስከረም ላገባ ነው፣ ከሚዜዎቼ አንዷ አንቺ ነሽ» ስትለኝ፣ ከአገሬ ርቄ ከሰማሁት የምሥራች ሁሉ ያ በልጦብኝ ነበር። የተቆረጠው ቀን መስከረም 21፣ በእነርሱ ኦክቶበር 1 ነው። የቻይና ብሔራዊ ቀን ስለሆነ ሥራ ለቀናት ይዘጋል፤ ብዙ ሰርግ በዚያ ሰሞን ይደገሳል።

መጀመሪያ ያሰብኩት የግድግዳ ሰዓት ነበር። በእኛ ዘንድ አዲስ ጎጆ ለሚወጡ ሰዓት መስጠት የታወቀ ነው። የማደሪያ ክፍል የምትጋራኝ ቻይናዊት ይህን ስነግራት የያዘችውን ኩባያ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሰዓት መስጠት በቻይንኛ «ሶንግ ጆንግ» ነው። በሌላ ፊደል የሚጻፍ፣ በድምፅ ግን ከዚህ የማይለይ ሌላ «ሶንግ ጆንግ» አለ፤ እርሱም የሚያጣጥርን ሰው እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ መሸኘት ማለት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ አስተማረችኝ። ጃንጥላ «ሳን» ነው፣ መበተንም «ሳን» ነው። ፒር የሚባለውን ፍሬ ለሁለት መካፈል «ፈን ሊ» ነው፣ መለያየትም እንደዚያው። ጫማ ሲጠሩት ክፋትን ያስጠራል። ቢላዋና መቀስ ዝምድና ይቆርጣሉ። አራት ቁጥር ከሞት ጋር ድምፅ ይጋራል፤ ስምንት መበልጸግን ያስታውሳል፤ ስድስት ነገር ሁሉ እንደ ውሃ ያለ ችግር እንዲፈስ መመኘት ነው። 250 ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሰውን «ጅል» ብሎ መስደቢያ ነው።

ይህን ሁሉ ስሰማ አጉል እምነት ነው ብዬ አላለፍኩትም። በአንድ ቃል ሁለት ነገር መስማት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ነው ያደግነው። ልዩነቱ እኛ ኅብረ ቃሉን ቅኔ ውስጥ ስናኖረው ቻይናዎች ዕቃ ውስጥም ያኖሩታል። እዚያ አገር ስጦታ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሰዓቱን ተውኩት።

መስከረም ሲገባ ለአንድ ጉባኤ ወደ ቶኪዮ ሄድኩ። የመጨረሻዋን ማታ ሺንጁኩ በሚባለው ሰፈር፣ ሌሊትም ከማይዘጋ ባለ ብዙ ፎቅ ሱቅ ገባሁ፤ የቁንጅና ዕቃ በተደረደረበት ፎቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ጃፓኖች «ኮጋኦ» የሚሉት የውበት መለኪያ አላቸው፤ ትንሽ ፊት ማለት ነው፤ ግማሹ መደርደሪያ ፊትን ለማሳነስ የተሠራ ዕቃ ነበር። «ፓኦ» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። መሀሉን በከንፈር ነክሰው ይይዙታል፤ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጉትን ዘንጎች ጭንቅላትን እየነቀነቁ ያወዛውዟቸዋል። 30 ሴኮንድ፣ በቀን ሁለቴ። በማስታወቂያው ላይ ሲያወዛውዝ የሚታየው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። ከፓኦ ቀጥሎ ትልቅ የጎማ ከንፈር አለ፤ አፍ ውስጥ ገብቶ ከንፈርን ወደ ውጭ ገልብጦ ይይዛል፣ ባለቤቱም በቀን ለሦስት ደቂቃ አናባቢዎቹን «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ» እያለች የጉንጯን ጡንቻ ታሠራለች። አፍንጫን ከሁለት ወገን ቆንጥጦ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መቆንጠጫ አለ። በባትሪ የሚንቀጠቀጥ ወርቃማ ዘንግ፣ በጉንጭ ላይ የሚሽከረከሩ ባለ ሁለት እንክብል መዳመጫዎች፣ ፊትን ሸፍኖ የሚያልብ የጎማ ጭንብልም አሉ።

ረጅም ጊዜ የቆምኩት ግን የዐይን ቆብ ማጣበቂያው ዘንድ ነው። ብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች የዐይን ቆባቸው ላይ እጥፋት ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ስስ ፕላስተርና ሙጫ በትንሽ ሹካ እየተጫኑ ለአንድ ቀን የሚቆይ እጥፋት ያወጣሉ፤ ማታ ሲታጠብ ይጠፋል፣ ጠዋት እንደገና ይለጠፋል። ቋሚ እጥፋት በቀዶ ሕክምና የማውጣቱ ጉዳይም የትናንት አይደለም፤ ሚካሞ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ዘዴውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዓድዋ በዘመትንበት ዓመት ነው። አጠገቤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማ ነበር። ሁለት ዓይነት ፕላስተር ይዛ እያነጻጸረች፣ በስልኳ ካሜራ ዐይኗን ደጋግማ ታያለች። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ዐይኗ የሚጎድለው ነገር አልታየኝም፤ እንደጎደለው የነገራት ሰው ግን ሳይኖር አይቀርም። ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ደግሞ ለመፍረድ ቸኩዬ አልወጣሁም። አክስቴ ድዷን በመርፌ ተወግታ ጥቀርሻ ያስነቀሰችው ፈገግታዋ እንዲያምር ነው፤ ለሳምንት ምግብ አልበላሁም ትል ነበር። የጥንት ጃፓን እመቤቶችም ብረት ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው በሚያወጡት ጥቁር ውሃ ጥርሳቸውን ያጠቁሩ ነበር፤ «ኦሃጉሮ» ይባላል፤ መንግሥት ለመኳንንቱ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ፊታቸውን የሚያጸዱበትም ኡጉይሱ የምትባል ወፍ ኩስ ነበር። ቁንጅና በየአገሩ ሴትን ያስከፍላታል።

ከጥግ በኩል አንድ ነጭ፣ ክብ ዕቃ አየሁ። ውሃ ይሞላበታል፤ ሲሰካ ስስ ትኩስ እንፋሎት ፊት ላይ ይለቃል። የውበት ሳሎን ስቲም ለቤት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ደሴ ስትዳር፣ ሰርጓ ሊደርስ ሰሞን፣ ወይባው ጉድጓድ ውስጥ እየጨሰ እርሷ ከላይ በጋቢ ተሸፋፍና ተቀምጣ ጢስ ትሞቅ ነበር። ቆዳዋ እንደ ማር ሆኖ ሲወጣ፣ ሽታዋ ቤቱን ሲሞላው አስታውሳለሁ። ከዚያ ሁሉ መደርደሪያ ፊትን «እነስ፣ ታጠፍ፣ ቀጥ በል» የማይል፣ ብቻ የሚያሞቅ ዕቃ ይህ አንዱ ሆኖ ታየኝ። ለሙሽራ የሚገባው ይህ ነው ብዬ ገዛሁ። ከጀርባው የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አላነበብኩም።

በማግስቱ ጉባኤው ላይ የተዋወቅኋት ጃፓናዊት ተመራማሪ ለሰርግ እንደምሄድ ስትሰማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወሰደችኝ። ጃፓን ውስጥ የሰርግ ገንዘብ የሚሰጥበት «ሹጊ ቡኩሮ» የሚባል ፖስታ አለ፤ ወፍራም ነጭ ወረቀት ነው፣ በወርቅና በቀይ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ «ሚዙሂኪ» ይባላል። ለልደትና ተደጋግሞ ለሚመጣ ደስታ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ለሰርግ ግን በማይፈታ ቋጠሮ ነው፣ ሰርግ አንዴ ይሁን ሲሉ። የገንዘቡ ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ቁጥር ለሁለት ስለሚካፈል ባልና ሚስቱንም ያካፍላል ይባላል። ለጓደኛ የተለመደው 30,000 የን፣ ሦስት አዳዲስ ኖት ነው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ፖስታውን በራሷ ገንዘብ ገዛችልኝ። ጃፓንና ቻይና ፊደል ይጋራሉ፤ ሁለቱም አራትን ይፈራሉ። የአንዱ የሰርግ ሥርዓት ለሌላውም ይሆናል ብዬ አመንኩ። ውሃን ስመለስ ከባንክ ሦስት አዳዲስ መቶ ዩዋን አውጥቼ ነጩ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩ።

የመስቀል ሰሞን አልፎ፣ መስከረም 20 ቀን በፈጣን ባቡር ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ጂውጂያንግ ሄድኩ። የሙሽራዋ ቤት መስኮቶች ላይ ሁሉ «ድርብ ደስታ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ተለጥፏል። እናቷን «አዪ» እያልኩ ሰላም አልኳቸው፤ አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ሾርባ ቀረበ። ከእራት በኋላ ፖስታውን በሁለት እጄ ይዤ ለሙሽራዋ ታላቅ እህት ሰጠኋት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ፖስታውን ቶሎ ብላ በሽርጧ ሸፈነችና እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ፤ በሩን ዘጋች።

«ሜይሜይ፣ እንዲህ አድርጊ ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ። ሜይሜይ ታናሽ እህት ማለት ነው፤ ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ቻይና ውስጥ ነጭ የሐዘን ቀለም ነው። ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ገንዘብ በነጭ ፖስታ፣ በጎዶሎ ቁጥር ይሰጣል። ለሰርግ ፖስታው ቀይ፣ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ ደስታ ጥንድ ሆኖ ይመጣል ይላሉና። ሦስት ደግሞ ድምፁ ለመበተን ይቀርባል። ሳላውቅ የለቅሶ ገንዘብ ይዤ ሰርግ ቤት ገብቻለሁ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል እንኳ በቻይንኛ ጠፋብኝ።

እርሷ ግን መሳቢያ ከፍታ ቀይ ፖስታ፣ ሆንግባኦ አወጣች። ከራሷ ቦርሳ ሦስት አዳዲስ ኖቶች አውጥታ ከእኔ ሦስት ጋር ቀላቀለች፤ 600 ሆነ። ብድሩን በነጋታው እንድመልስላት ተስማማን። ነጩን ወረቀት ምድጃው ላይ አቃጠለችው። ገመዱን ልትጥል ስትል ትርጉሙን ነገርኳት፤ የማይፈታ ቋጠሮ መሆኑን። ቆም ብላ አየችው፣ ሄዳም ለሙሽሮቹ በተዘጋጀው ቀይ ብርድ ልብስ ጫፍ ላይ ሰፋችው።

ያን ሌሊት እርሷና እኔ ብዙ አወራን። ጻይሊ ስለሚሉት፣ የሙሽራው ወገን ለሙሽራዋ ወገን ስለሚከፍለው ነገር ነበር ወሬያችን። ከእኛ ማጫና ጥሎሽ ጋር የሚቀራረብ ነው። አክስቷ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲዳሩ የሚፈለገው «ሦስት የሚሽከረከር፣ አንድ የሚጮህ» ነበር፤ ብስክሌት፣ የስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓትና ሬዲዮ። በእናቷ ዘመን ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ ሆነ። አሁን ቤት፣ መኪናና ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጂያንግሺ ደግሞ ጻይሊ ከፍ ከሚልባቸው ክፍላተ ሀገር መካከል ስሟ ይነሳል። በአንዳንድ ቦታ ክፍያው በኖት ቀለም ይጠራል፤ አሥር ሺህ ሐምራዊ ባለ 5፣ አንድ ሺህ ቀይ ባለ 100፣ ከላዩ አረንጓዴ ባለ 50። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ 150,000 ዩዋን ይሆናሉ። ሕጉ ጋብቻን ንብረት መጠየቂያ ማድረግን ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጻይሊ መቼ እንደሚመለስ ደንብ አውጥቷል። እኔ ከሁሉ የሚቆጨኝ የሙሽራው ወላጆች ነገር ነው። የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን አንድ ቀን ማታ ያስረክባሉ፤ ልጁም ትዳሩን በዕዳ ይጀምራል። ይህ ቢቀር እወዳለሁ፤ ታላቅ እህቷም እንደኔ ታስብ ነበር።

እንግዲህ ነጋና መብራቱን አጠፋሁት።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም። ሙሽራዋ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ትላንት የለቅሶ ገንዘብ፣ ዛሬ ጨለማና ስብርባሪ፤ የሚወዱኝን ሰዎች ሰርግ በገዛ እጄ ያበላሸሁ መሰለኝ። በዚህ መሀል አያቷ፣ ናይናይ፣ ከበሩ ላይ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሱይ ሱይ ፒንግ አን!» አሉ። ሁሉም ተቀበሏቸው፤ እናት፣ እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ ሳትቀር፤ «ሱይ ሱይ ፒንግ አን!» መሰበር «ሱይ» ነው። ዓመትም «ሱይ» ነው። ዕቃ ሲሰበር ቶሎ ብለው «ዓመት ከዓመት ሰላም» ይላሉ፤ ስብራቱ ምርቃት ይሆናል። ሰዓትን ለሰርግ የከለከለው ያው የድምፅ ዝምድና እኔን ከጭንቅ አወጣኝ። አባትየው በስልክ መብራት ሄደው የወደቀውን ብሬከር አነሱት። ናይናይ ስብርባሪውን ጠርገው በቀይ ወረቀት ጠቀለሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። እጃቸው ይሞቅ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዕቃውን ገልብጬ ሳይ ነው፤ 100 ቮልት ይላል። የጃፓን የቤት መብራት 100 ቮልት ነው፤ የቻይና እንደ እኛው 220። ማሞቂያ ሽቦ ከሁለት እጥፍ በላይ ቮልት ሲያገኝ የሚስበው ኃይል ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ ይህን ሒሳብ አውቀዋለሁ። ያሳሳተኝ መሰኪያው ነው። ሁለቱ የጃፓን ጠፍጣፋ እግሮች የቻይና ግድግዳ ላይ ያለ ምንም ማስማሚያ ልክ ይገባሉ። አገር ቤት ቢሆን ቀዳዳዎቹ ክብ ስለሆኑ አይገባም ነበር፤ ባለመግባቱም ቆም ብዬ ባሰብኩ። ነጩ ፖስታም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱም ገመዱም ያማረ ስለነበር ልክ ገባልኝ ብዬ ነበር።

ሙሽራው ሦስት ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ደረሰ። በሩን ዘግተን አናስገባም አልን። ይህንስ ከአገሬ አውቀዋለሁ፤ እኛም ሙሽራውን ደጅ አቁመን እየዘፈንን እናስለምናለን። በበሩ ሥር ቀያይ ፖስታዎች ገቡ፤ አሁንም አይበቃም ተባለ፤ ደግሞ ገቡ። የሙሽራዋን ጫማ የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ሙሽራው ሩብ ሰዓት ፈልጎ ከመጋረጃው ጀርባ አገኘው። ከዚያ ሁለቱ ተንበርክከው ለወላጆች ሻይ ሰጡ። አዪ ሻዩን ሲቀበሉ እንባቸው ኩባያው ውስጥ ወደቀ። በሙሽራው ቤት አልጋው ላይ ቀያይ ቴምር፣ ኦቾሎኒ፣ ሎንጋንና የሎተስ ዘር ተበትኖ ጠበቀን፤ የአራቱ ስም ሲገጣጠም «ቶሎ የተከበረ ልጅ ውለዱ» ይላል።

የግብዣው አዳራሽ መግቢያ ላይ ሁለት ሰዎች በቀይ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ፖስታ ከፍቶ ይቆጥራል፣ ሌላው በቀይ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከተማሪ ቤት የወጣልኝን የቻይንኛ ስሜን ተናገርኩ፤ ጻፈው፤ ከሥሩም 600። ይህን መዝገብ ቤተሰቡ ለዘመናት ያስቀምጠዋል፤ የሰጠው ሰው ልጅ ሲድር ወይም ራሱ ሲያገባ ገልጠው ያያሉ፣ ጥቂት ጨምረውም ይመልሳሉ። የእድር መዝገብ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚሠራ ሌላ ስቲም ፈልጌ ለሙሽራዋ በፖስታ ቤት ላክሁላት፤ ዛሬም ትጠቀምበታለች። ወደ ቻይና የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ከጃፓን የምትገዙትን ማንኛውንም የሚሰካ ዕቃ ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ «100» ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ቻይናም አገር ቤትም አትሰኩት። ለቻይናዊ ወዳጅ ሰርግ ከተጠራችሁ ደግሞ ከዚያው ቤት ታላቅ እህትን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥር 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስዳር፣ ለመንገድ ሥራ የመጣ የጂውጂያንግ ሰው የሠርጌ ዕለት አንድ ቀይ ፖስታ አደረሰኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ ማታ ለብቻዬ ሆኜ ከፈትኩት። ስምንት አዳዲስ ባለ መቶ ዩዋን ነበሩ። በእርሷ መዝገብ ላይ በስሜ የተጻፈው 600 ነው፤ የላከችልኝ 800።